የኦብሴን ዕድል በመቶኛ አስልተው ላበሠሩን ዳይሬክተር

ለተከበሩ አቶ ደገፋ ኤባ
የሰገነት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዋና ዳይሬክተር
አዳማ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ፣ እንዲሁም ከአዳራሹ ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ የልጆቻችንን ዕድል ግድግዳ ላይ ለሚያበራው መሣሪያ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። የዘንድሮው የሚያዝያ ሙቀት ለእኛ እዚሁ ለተጠበስነው ሽማግሌዎች እንኳ የከበደ ስለሆነ፣ በቢሮዎ ያለው ማቀዝቀዣ አንድም ቀን እንዳይቋረጥብዎ ምኞቴ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማራገቢያ ከቆመ ሰንብቷል፤ ነገር ግን የልጆቹን የወደፊት ዕጣ ለሚያሰላ ተቋም እንዲህ ያለውን ትንሽ ነገር ማንሣት ነውር ስለሚሆንብኝ አላነሣውም።

እኔ ጃራ ቡዜ እባላለሁ፤ የተማሪዎ የኦብሴ አያት ነኝ። እናቷ ልጄ ዲንቄ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ ስፌት ላይ ስለምትሠራና ፈረቃዋ ከስብሰባዎቻችሁ ጋር ገጥሞ ስለማያውቅ፣ በመዝገባችሁ አሳዳጊ ተብዬ የተጻፍኩት እኔ ነኝ። ጉልበቴን የጨረስኩት በወንጂ የሸንኮራ ማሳ ውሃ በማጠጣት ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ከስኳር ከረጢት ላይ ሲሆን፣ የቀረውን ያገኘሁትን ሁሉ በማንበብ ሞላሁት። ኦብሴ ትምህርት ከጀመረች ወዲህ ደግሞ እሷ ጨርሳ ያስቀመጠችውን መጽሐፍ እኔ እጀምራለሁ፤ በዚህ አኳኋን አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሻለሁ። ኬሚስትሪ አስቸግሮኛል።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ በአደባባይ ለማውጣት የተነሣሁት ሥርዓት አጥቼ አይደለም። የልጅ ልጄን ዕድል ግድግዳ በሚያክል ጽሑፍ በሙሉ አዳራሽ ፊት ስላወጣችሁት፣ መልሱን በታሸገ ፖስታ ብልክ ለግልጽነታችሁ ያለኝን አክብሮት የሚያጎድል መስሎኝ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ባለፈው ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ «የዕድል ቀን» የሚባል ዝግጅት አሰናድቶ አሳዳጊዎችን ጠርቶ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ በድምፅ ማጉያ ስሙ እየተጠራ ከአሳዳጊው ጋር መድረክ ላይ ይወጣል፤ ከጀርባው ባለው ግድግዳ ላይም ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድሉ በመቶኛ ይበራል። ከፍ ያለው አረንጓዴ ነው፣ መካከለኛው ቢጫ ነው፣ ከሃምሳ በታች የሆነው ቀይ ነው። አረንጓዴና ቢጫ ተጨብጭቦላቸው ይወርዳሉ። ለቀይ ግን አንድ ወረቀት ይሰጠዋል። ወረቀቱ «ልጄ በትምህርት ቤቱ ስም እንዳይፈተን በገዛ ፈቃዴ ወስኛለሁ፤ በግሉ ይፈተናል» ይላል፤ አሳዳጊው እስከ መጪው ዓርብ ፈርሞበት እንዲመልስ ይጠበቃል።

«ኦብሴ፤ አርባ ሦስት በመቶ፤ ቀይ» ተባለ።

ወረቀቱን ይዤ የግል ተፈታኞች ወደሚመዘገቡበት ቢሮ ሄድኩ። እዚያ ያገኘኋት ልጅ በትሕትና «አባባ፣ የዘንድሮው ምዝገባ ተዘግቷል፤ ለከርሞ በጊዜ ይምጡ» ብላ መለሰችኝ። ስለዚህ አቶ ደገፋ፣ «በግሉ ይፈተናል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ትርጉሙ «ዘንድሮ አይፈተንም» ማለት መሆኑን እኔ የተረዳሁት በባጃጅ ተመላልሼ ነው፤ እርስዎ ግን ከወንበርዎ ሳይነሡ እንደሚያውቁት አልጠራጠርም።

አንድ ዓመት ምን አላት ይሉ ይሆናል። ዲንቄ በምትሠራበት መስመር ሰው ይፈለጋል፤ አለቃዋም «ልጅሽን አምጫት፣ ለአንድ ዓመት እንኳ ትሥራ» ብሏታል። ዲንቄ ይህን ስትነግረኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። እሷም ለአንድ ዓመት ብላ ነው የገባችው።

እንግዲህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን መለየት ስለተቸገርኩ፣ ሁለቱን አንድ ላይ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ከወንጂ ማዞሪያ ሲመጣ በአጥራችሁ ላይ «አምና ያስፈተንናቸውን በሙሉ አሳለፍን» የሚል ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሎ ይታያል። ኦብሴን ከነበረችበት ትምህርት ቤት አንሥቼ ወደ እናንተ ያመጣኋት ይህንኑ ጨርቅ አንብቤ ነው። «ያስፈተንናቸውን» የሚለው ቃል በምን ያህል ጥንቃቄ እንደተመረጠ ያን ጊዜ አላስተዋልኩም። አሁን ገብቶኛል፤ እንዲገባኝ ስላደረጋችሁም አመሰግናለሁ። ወደ ዱከም በሚሄደው ሚኒባስ ስመላለስ ብዙ ዓይነት ረዳት አይቻለሁ፤ «ላይደርስ የሚችል ተሳፋሪ ካለ ከአሁኑ ይውረድልን፣ ስማችን እንዳይጠፋ» የሚል ረዳት ግን አላጋጠመኝም። ምናልባት የትራንስፖርት ሰዎች ከእናንተ ልምድ ሊቀስሙ ይገባቸው ይሆናል።

፪ኛ. የቁጥሩ አመጣጥ እንዲብራራልኝ በጠየቅኩ ጊዜ፣ የምክር አገልግሎት ኃላፊው መምህር ሙስዓብ በኮምፒውተራቸው ፊት ወንበር ስበው አስቀምጠው በትዕግሥት አስረድተውኛል፤ ለዚህ የምር አመሰግናቸዋለሁ። ስሌቱ አራት አምዶች አሉት። አንደኛው የሞዴል ፈተና ነው፣ ሁለተኛው የክፍል ውጤት ነው፣ ሦስተኛው ከክፍል መቅረት ነው። አራተኛው ያሳዳጊ የትምህርት ደረጃ ነው። ኦብሴን ስናስመዘግብ «የትምህርት ደረጃ» በሚለው ቦታ ላይ «የለም» ብዬ ጽፌ ነበር፤ መሣሪያውም «የለም»ን ዜሮ ብሎ ቆጥሮታል። በሦስቱ አምዶች ብቻ ቢሆን ኖሮ ልጅቱ ቢጫ ነበረች። ቀዩ እኔ ነኝ።

መምህር ሙስዓብ ደግ ሰው ናቸው። በሩን መለስ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አባባ፣ ስምንተኛ ክፍል ይበሉኝና ልሙላው፤ ማን ያጣራል? አሁኑኑ ቢጫ ትሆናለች» አሉኝ። አልገባሁበትም አልኩ። «ስድስተኛስ?» አሉ። ስድስተኛም አልገባሁም አልኩ። ጥቂት ቁልፎች ነካ ነካ አድርገው «እሺ አራተኛ እንበል፤ በአራተኛም ሃምሳ አንድ ትገባለች» አሉኝ። ያልተቀመጥኩበትን ክፍል በዚህ ፍጥነት ሲያወርዱልኝ፣ ጥቂት ብቆይ ኖሮ መዋዕለ ሕፃናት ላይ እንስማማ ነበር ብዬ አስባለሁ። ተነሥቼ ወጣሁ።

በዚህ ጉዳይ ቤቴ ውስጥ የሆነውን መደበቅ አልፈልግም። ዲንቄ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ «አባዬ፣ አንዲት ቃል እኮ ናት!» አለችኝ። ኦብሴ ግን አልጮኸችም። መጽሐፏን ዘግታ «አባባ፣ እርስዎ እውነተኛ እንዲሆኑ እኔ ልቅር?» ብላ ጠየቀችኝ። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም። ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር የምታደርገው ንግግር «እራት ቀርቧል» ከሚለው ሳያልፍ ቆየ፤ እሱንም የምትለው ወደ ምጣዱ እያየች ነበር። ስለዚህ ለሰባ ዓመት ያህል ሳይቸግረኝ የኖርኩበትን አለመማር፣ በገዛ ቤቴ ጥፋተኛ እንዲያደርገኝ ስላስቻላችሁት ስሌታችሁን አደንቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ባውቅ ደስ ይለኛል፤ ከአሳዳጊው የበለጠ ደረጃ ላይ እንዲደርስ ካልሆነ፣ ሰው ልጁን ትምህርት ቤት የሚልከው ለምንድን ነው?

፫ኛ. መድረኩ ላይ ሆነን ቁጥሩ ሲበራ፣ ከዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት እያስጫኑ የሚሸጡት ወይዘሮ በድሪያ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው ሱፊያን አረንጓዴ ወጥቶ ከመድረክ ገና መውረዳቸው ስለነበር እያጨበጨቡ ነበር። ኦብሴ አንገቷን ስትደፋ ባዩ ጊዜ ግን ጭብጨባቸውን ትተው «ኧረ ተዉ፣ እኛ ሽንኩርት ስንለይ እንኳ ገዢ ፊት አንለይም!» ብለው ተናገሩ። አዳራሹ ሳቀ። እርስዎ በድምፅ ማጉያው «እባካችሁ ሥርዓት እንያዝ» ብለው አረጋጉን። ሥርዓት የጣሱት በድሪያ መሆናቸውን በወቅቱ ስላስገነዘቡን እናመሰግናለን፤ እኛ ሌላ ሰው መስሎን ነበር።

፬ኛ. ለስላሳ መጠጡ ከአረንጓዴዎቹ ተጀምሮ ቢጫዎቹ ጋ ሲደርስ አለቀ። ይህም በስሌት ከሆነ ስሌቱ ትክክል ነው።

፭ኛ. የመጨረሻው ከሁሉ የላቀ ውለታዎ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ አቀርበዋለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ኦብሴ ዩኒፎርሟን ለብሳ ከተነሣች በኋላ «ዳይሬክተሩ ጋ ልገባ ነው፤ አሳዳጊ ከሌለ አያናግሩኝም። እርስዎ ይምጡ፣ ግን አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ» አለችኝ። ቃል ገባሁ። እኔን ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

እርስዎም በክብር ተቀብለውናል። ኦብሴ ከፊትዎ ቆማ የተናገረችውን ምናልባት በሥራ ብዛት ረስተውት ይሆናልና ላስታውስዎ። «ቲቸር፣ ፊዚክስ እንደሚያስቸግረኝ አውቃለሁ፤ ባዮሎጂና እንግሊዝኛ ደግሞ ያነሡኛል» አለች። «ግማሹን ካመጣሁ ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ። ትንሽ ከጎደለኝ ሪሚዲያል ይደርሰኝ ይሆናል። እሱም ካልሆነ ቴክኒክና ሙያ አለ። ልወድቅም እችላለሁ፤ አስቤበታለሁ። ግን ሁሉም ቦታ ውጤትሽን አምጪ ነው የሚለኝ። ካልተፈተንኩስ ዕድሌ ስንት ነው?»

እርስዎ «ያው… ካልተፈተንሽማ ዜሮ ነው» አሏት።

እሷ «እንግዲያው አርባ ሦስት ይበልጣል» አለች።

አቶ ደገፋ፣ እኔ አያቷ ከመሆኔ የተነሣ ላዳላ እችላለሁ፤ ነገር ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ዕድልን በትክክል ያሰላ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ስሌቱም ኮምፒውተር አልጠየቀም። እርስዎ ስልክዎን ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከዚያም በጣም ቅን በሆነ ድምፅ «ነገሩን ከአንቺ በኩል ብቻ አትመልከቺው እንጂ፤ የትምህርት ቤቱ ዕድልስ?» አሉ።

ስለዚህች ጥያቄዎ ልባዊ ምስጋናዬን ሳላቀርብ ብቀር በደለኛ እሆናለሁ። ከዚያች ጠዋት በፊት የሚፈተኑት ልጆቹ ይመስሉኝ ነበር። ለካስ ተፈታኙ ትምህርት ቤቱ ኖሯል፤ ልጆቹ ደግሞ በደንብ ተቀርጸው ወደ ፈተናው የሚቀርቡ እርሳሶቹ ናቸው፤ ጫፉ የተሰበረ እርሳስ ከተገኘም ከመጀመሪያው ከሳጥኑ ይወጣል። ቃል ባልገባ ኖሮ ይህን እዚያው እነግርዎ ነበር። ቃል ስለገባሁ ግን ከዘራዬን በሁለት እጄ ጨብጬ የግድግዳውን የምስክር ወረቀት ሳነብ ቆየሁ። «የላቀ የተማሪ አያያዝ» ይላል። ክፈፉ ያማረ ነው።

ከቢሮዎ ስንወጣ ኦብሴ ክንዴን ያዘች። እስከ በሩ ድረስ አልለቀቀችኝም።

ከዚህ ሁሉ ውለታ በኋላ ሌላ መለመን ይሉኝታ ያሳጣል፤ ሆኖም አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ወረቀቱን አልፈርምም። የማልፈርምበት ምክንያትም ወረቀቱ «በገዛ ፈቃዴ» ስለሚልና ገዛ ፈቃዴ ደግሞ ልጅቱ እንድትፈተን ስለሆነ ነው። ያልተማርኩትንም ተምሬያለሁ ብዬ አላስተካክልም። አራተኛው አምድ ዜሮ እንደሆነ ይቆይ፤ ቀለሙም ቀይ እንደሆነ ይቆይ፤ ብትፈልጉ ከአጥሩ ውጭም ለጥፉት። የኦብሴ ስም ግን ዓርብ ከጓደኞቿ ስም ጋር ይላክ። ብታልፍ ጨርቃችሁ ላይ ፎቶዋን ስቀሉ፤ አልቃወምም። ብትወድቅ «አያቷ አልተማረም» ብላችሁ ጻፉ፤ በፊርማዬ አረጋግጥላችኋለሁ። በፈቃዴ የምፈርምበት ወረቀት ከተፈለገ ይኸው ነው።

በትምህርት ያልታገዘውን ይህን ረጅም ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ በትዕግሥት አንብበው ከሆነ፣ ከእርስዎ የሥራ ሰዓት ለወሰድኩት ጊዜ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ዘመንዎ የረዘመ፣ ወንበርዎ የጸና፣ ተማሪዎችዎ በሙሉ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ ያልሆኑትም ከዓይንዎ የራቁ እንዲሆኑልዎ በመመኘት፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ጃራ ቡዜ
የኦብሴ አያትና አሳዳጊ
የትምህርት ደረጃ፦ የለም (እባክዎ አይነካብኝ)
አዳማ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በኮምፒውተር የጻፈችልኝ ልጅ ሱቋ ከትምህርት ቤታችሁ በር ፊት ለፊት መሆኑን ሳላስብ ቀርቻለሁ። ገና ታትሞ ሳይደርሰኝ መምህር ሙስዓብ ደወሉልኝ። «አባባ፣ ጽሑፍ ሊያወጡ ነው አሉ። ተዉት ግድየለም፤ ካልወጣ ኦብሴ እስከ ዓርብ ቢጫ ትሆናለች፤ አራተኛውን አምድ እኛው እናየዋለን» አሉኝ። ስለዚህ ያሳዳጊ ትምህርት ዕድል ባይጨምርም፣ ያሳዳጊ ዝምታ እንደሚጨምር ተረድቻለሁ፤ ይህንንም አምስተኛ አምድ አድርጋችሁ በግልጽ ብታስገቡት ለሌሎች አሳዳጊዎች ይጠቅማል። ከኦብሴ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ስለሚቀመጠውና አያቱ ወረቀቱ ላይ በጣቷ ስለፈረመችለት ስለ ለሚ ጠየቅኳቸው። «እሳቸው እኮ ደብዳቤ አልጻፉም» አሉኝ።

አልዋሽም፤ እምቢ የሚለው ቃል እንደ ልማዴ ቶሎ አልመጣልኝም። ኦብሴ በእኔ እልኸኝነት አንድ ጊዜ ተጎድታለች፤ አሁን ግን ዕድሉ የእሷ ስለሆነ ውሳኔውም የእሷ ነው ብዬ፣ ጓሮ ዩኒፎርሟን ስታሰጣ ደብዳቤውን ከነስልኩ ወሬ አነበብኩላት። ሙስዓብ ክፍሌን ሲያወርዱልኝ የሚለው ቦታ ላይ ሳቀች። ስለ ለሚ የሚለው ቦታ ላይ ግን «ከሰኞ ወዲህ ክፍል አልመጣም» አለች። ሸሚዟን ሁለት ጊዜ አራግፋ ሰቀለችው።

«ይላኩት አባባ» አለችኝ። ወደ ቤት ልትገባ ስትል ደግሞ ከበሩ ተመልሳ «የትናንትናው የፊዚክስ ሙከራ ፈተና ተመልሶልናል፤ ጨምሬያለሁ። አርባ ሦስት የሚለውን እንዲያሻሽሉት ይጻፉላቸው» አለች።

ጽፌያለሁ።